ሀገርን በእግር ማወቅ

ሰው የተወለደበትን ሀገር በሦስት መንገድ ሊያውቅ ይችላል፤ በመስማት፣ በማንበብና በእግሩ በመርገጥ። የመጀመሪያውን ከአባቶቹና ከእናቶቹ፣ ሁለተኛውን ከመምህሩና ከመጽሐፉ ያገኛል። ሦስተኛውን ግን ራሱ ወጥቶ ካልፈለገው በቀር ማንም አምጥቶ ሊሰጠው አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሦስተኛው የማወቂያ መንገድ ከትምህርት ቤቶቻችን መራቅ እንደሌለበት ማስረዳት ነው። ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ከመምህራኑና ከጓደኞቹ ጋር ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ፣ በየመንገዱ እያደረ፣ የሚኖርበትን አካባቢ በእግሩ አቋርጦ ማየት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ለምሳሌ ያህል ምዕራብ ጎጃምን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያልፋል። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ቡሬ ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ተሳፋሪው ማሳውን እንደ አንድ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ምንጣፍ አይቶ ያልፈዋል። ድልድዩን ሲሻገር የወንዙን ስም አይጠይቅም። ገበያተኛው ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ፣ በአህያው ላይ ምን እንደ ጫነ አያውቅም። ዳገቱንም የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ካልሆነ በቀር አይሰማውም።

ይህንኑ ርቀት አስፋልቱን ትቶ፣ ገበሬዎችና ገበያተኞች በሚመላለሱበት የእግር መንገድ፣ በሁለት ቀን የሚያቋርጥ ተማሪ ግን ሌላ ሀገር ያያል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል፣ ቡሬም 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መሆናቸውን መጽሐፍ ሊነግረው ይችላል፤ የ200 ሜትሩን ልዩነት የሚያስረዳው ግን ጉልበቱ ነው። የጤፉን፣ የበቆሎውን፣ የዳጉሳውን፣ የኑጉንና የበርበሬውን ማሳ በየተራ ሲያልፍ፣ ይህኛው አፈር ለምን ለዚህኛው አዝመራ እንደ ተመረጠ ባለማሳውን ይጠይቃል። ከሩቅ ጥቁር መስሎ የሚታየው የዛፍ ክምችት ሲቀርብ የቤተ ክርስቲያን ደን ይሆንበታል፤ በሌላው ስፍራ ያለቁት የሀገር በቀል ዛፎች በዚያ ተጠልለው እንደሚገኙም ይገነዘባል። የሳይንስ፣ የጂኦግራፊና የግብርና ትምህርት በየክፍለ ጊዜው ተነጣጥለው ይሰጣሉ፤ በመንገድ ላይ ግን ሦስቱም በአንድ ማሳ ዳር ተገናኝተው ይገኛሉ።

የውሃውን ነገር ብቻ እንመልከት። ተማሪዎች ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ወደ ሰሜን ወደ ሰከላ ደጋ ጉዟቸውን ቢቀጥሉ፣ የዓባይ ምንጭ ወደሚገኝበት ወደ ግሽ ዓባይ ይደርሳሉ። ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ሐይቅ ይገባል። ብርና ፈጠም ደግሞ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ በኩል ዞሮ ሲመጣ፣ እነርሱም በስተደቡብ ይቀላቀሉታል። በአንድ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ወርዶ መጨረሻው አንድ ወንዝ ይሆናል ማለት ነው። ይህን በካርታ ላይ ያየ ተማሪ ለፈተና ያስታውሰዋል፤ በሸንተረሩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኙን ያየ ግን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። በመምህርነት ዘመኔ የሩቅ ሀገር ወንዞችን በቃላቸው የሚዘረዝሩ፣ ነገር ግን ከትምህርት ቤታቸው በስተጀርባ የሚፈሰው ወንዝ ወዴት እንደሚገባ ሲጠየቁ ዝም የሚሉ ተማሪዎች ጥቂቶች አልነበሩም። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ወንዙን ተከትለው እንዲሄዱ ያዘዛቸው አልነበረምና።

እየተጓዙ መማር ለሀገራችን እንግዳ ነገር ነው የሚል ቢኖር ታሪክ ይመልስለታል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ፣ ዜማን በአንዱ ደብር፣ ቅኔን በሌላው ሲፈልግ ኖሯል። እንደ ዋሸራ ያሉት የጎጃም የቅኔ ቤቶች ስማቸው የገነነው፣ ከሩቅ አውራጃ ሁሉ በእግራቸው በመጡ ተማሪዎች ነው። ለእነዚህ ልጆች መንገዱ ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነበር፤ ትሕትናን፣ መታገሥን፣ የሰውን ጠባይ መለየትን የተማሩት በየደጁ ነበርና።

የጦርነቱም ዘመን ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ተነሥተው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው ጦር ስንቁንና መሣሪያውን የጫነው በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ላይ ነበር። የቆላ እንስሳ የሆኑት ግመሎች ዳገቱንና ብርዱን አልቻሉትም፤ አብዛኞቹ በመንገድ ረገፉ። ያም ሆኖ ሠራዊቱ ከጎጃም አርበኞች ጋር ተባብሮ ወደ ፊት ገፋ፤ ጣሊያኖችም በየካቲት ወር ቡሬን ለቀው ሸሹ። ዛሬ በቡሬ የሚኖር ወጣት ይህን ታሪክ በአንድ አንቀጽ ያነበዋል። አባቶቹ ሸንተረሩንና መሻገሪያውን እንደ መዳፋቸው በማወቃቸው ምን ያህል እንደ ተጠቀሙ የሚገባው ግን ያንኑ መሬት በእግሩ ሲለካው ነው።

የውጭ ሀገር ሰዎችም ይህን ምድር ለማየት ብዙ ደክመዋል። ፖርቱጋሎችን ተከትሎ የመጣው ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ.፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሰው ያዩትን ጽፈዋል። ምንጩን የሀገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ መርቶ ያደረሳቸውም እርሱ ነው። ነገር ግን ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው ያየውን፣ በዚያው ዞን ተወልዶ ያደገ ተማሪ ሳያየው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ቢጨርስ የሚያሳዝን አይደለምን?

በሌላው ዓለም የተደረገውን ማየትም ይጠቅማል። በ1909 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሺርማን የተባለ የጀርመን መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ለብዙ ቀናት የእግር ጉዞ ወጣ። በመንገድ ላይ ከባድ ነጎድጓድና ዝናብ ስለ ያዛቸው በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተጠለሉ፤ አንድ ገበሬ በሰጣቸው ገለባም ላይ አደሩ። መምህሩ በዚያች ሌሊት፣ በዕረፍት ጊዜ ባዶአቸውን የሚቀመጡት ትምህርት ቤቶች ለተጓዥ ወጣቶች ማደሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሰበ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኙት የወጣቶች ማደሪያዎች የተጀመሩት ከዚህ ሐሳብ ነው። በእንግሊዝ ሀገር ደግሞ በ1932 እ.ኤ.አ. የፋብሪካ ሠራተኞች የሆኑ ወጣቶች ባለርስቶች በዘጉት ኪንደር ስካውት በተባለ ተራራ ላይ በኅብረት ወጡ፤ አምስቱም በእስራት ተቀጡ። ሆኖም የሕዝቡ ጥያቄ አልቆመም፤ በ1949 እ.ኤ.አ. የእግር መንገዶችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። በ1965 እ.ኤ.አ.ም ፔናይን ዌይ የተባለው 430 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የእግር መንገድ ተከፈተ። እነዚያ ሰዎች የእግር መንገድ የሕዝብ ሀብት መሆኑን ተረድተዋል። እኛ ዘንድ ግን የእግር መንገዱ ከዚህም ከዚያም በማረሻ ሲገፋ፣ በአጥርና በባሕር ዛፍ ሲዘጋ ዝም ብለን እናያለን። የማይሄዱበት መንገድ ይጠፋልና ልጆቻችንን ማስኬድ መንገዱንም መጠበቅ ነው።

የጉዞው ጥቅም በዕውቀት ብቻ አይወሰንም። በሶውን፣ ቆሎውን፣ ውሃውንና ጋቢውን በጋራ የሚሸከሙ ተማሪዎች የደከመውን ጓደኛቸውን ሸክም መከፋፈላቸው አይቀርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ በክፍል ውስጥ ሲነገር ቃል ነው፤ በዳገት ላይ ግን ሥራ ይሆናል። ፈጣኑ ዘገምተኛውን መጠበቅን ይማራል፤ ዘገምተኛውም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ በራሱ ያረጋግጣል። ማታ ላይ ደግሞ «የመሸበት እንግዳ ነን፤ አሳድሩን» ብሎ ደጅ መቆም፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለውን መልስ መስማት፣ እግርን ታጥቦ ከእሳት ዳር መቀመጥ፣ የከተማው ልጅ ስለ ገበሬው የሰማውን ሁሉ እንደገና እንዲያስብበት ያደርገዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊናቁም አይገባም። አንደኛው፣ «የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ እርሱን ደግሞ ተጓዝ ማለት ግፍ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው በቅርቡ ትምህርት ቤት እንዲሠራለት ነው፤ ጉዞውም ለዚህ ምትክ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን በየቀኑ አንዱን መንገድ እየሮጡ መመላለስና አዲስ ሀገር እየጠየቁ መጓዝ አንድ አይደሉም። ደግሞም በክፍል ውስጥ ዝምተኛ የነበረው የገጠር ልጅ በጉዞው ላይ መሪ ይሆናል፤ የዛፉን ስም፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ የደመናውን ምልክት የሚያውቀው እርሱ ነውና። የከተማው ልጅ የሚጠይቀው፣ የገጠሩ ልጅ የሚመልስበት ትምህርት በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወጪ፣ የሸክምና የጥበቃ ነው። ጉዞው ውድ ዕቃ አይጠይቅም፤ ስንቅ ከየቤቱ፣ ማደሪያም ከየትምህርት ቤቱ ይገኛል። ባላገሩ እንግዳ ተቀባይ ነው ተብሎ ግን ጎተራው ሊራቆት አይገባም። ተማሪዎች የራሳቸውን ምግብ ይያዙ፤ ላሳደራቸውም ሰው ውሃ በመቅዳት፣ እንጨት በመሰብሰብ፣ አዝመራ በመሰብሰብ ውለታውን ይመልሱ። ሴቶች ልጆች ከጉዞው መቅረት የለባቸውም፤ ሴት መምህራን አብረዋቸው ይሂዱ፤ ማደሪያቸው የተለየ ይሁን፤ የወላጆችም ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ። ጊዜውም ወንዞች የሚሞሉበት ክረምት ሳይሆን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው በጋ ይሁን።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው፣ የሰላም ጥያቄ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ መንገዶችንም ቆራርጧል። በግእዝ «የሰላም መንገድ» የሚል ትርጉም ያላት ፍኖተ ሰላም ራሷ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የሰላማዊ ሰዎች ደም ፈስሶባታል። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ተማሪዎችን ይዛችሁ ውጡ የሚል መምህር ኃላፊነቱን የዘነጋ ነው፤ እኔም እንዲህ አልልም። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ሐሳቡን አያፈርሰውም፤ ይልቁንም የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። የአንድ ሀገር ሰላም በስምምነት ወረቀት ብዛት ሳይሆን፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ በእግሯ ቡሬ መድረስ በመቻሏ ሊለካ ይገባል። ልጆች በነፃነት ሊረግጡት ያልቻሉት መሬት፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ገና የእነርሱ አልሆነም።

እስከዚያው ድረስ ሥራው በትንሹ ሊጀመር ይችላል። ደኅንነቱ በተረጋገጠበት ስፍራ አንድ መምህር ተማሪዎቹን ለግማሽ ቀን ይዞ እስከ ቅርቡ ወንዝ ይሂድ። ተማሪዎቹ የየቀበሌያቸውን የእግር መንገዶች፣ ምንጮችና የጥንት ዛፎች ከሽማግሌዎች ጠይቀው በካርታ ይሳሉ፤ የየስፍራውም ስም ከነምክንያቱ ይጻፍ። መንገዱ ሲከፈት ካርታው ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ያን ጊዜ መምህራን መሪ፣ ወላጆች ስንቅ አቀባይ፣ ትምህርት ቤቶችም ማደሪያ ሆነው ወጣቱን ቢያስነሡት፣ ነገ ስለዚህ ምድር የሚወስነው ትውልድ የሚወስንለትን መሬትና ሕዝብ አስቀድሞ ያወቀ ይሆናል።