ሳይነበብ የጸደቀ ጦርነት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2005 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ በጩኸት ተናወጠ። ከኦሃዮ በማሟያ ምርጫ አሸንፈው ምክር ቤቱን ከተቀላቀሉ ገና ሦስት ወር ያልሞላቸው ሪፐብሊካኗ ጂን ሽሚት ንግግር እንዲያደርጉ ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር። ከአንድ የማሪን መኮንን ለፔንሲልቬንያው ዴሞክራት ለጆን መርታ የተላከ መልእክት አለኝ አሉ፤ ፈሪ ጥሎ ይሸሻል፣ ማሪን ግን በፍጹም አይሸሽም የሚል። ዴሞክራቶቹ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ጮኹ። የቴነሲው ሃሮልድ ፎርድ መተላለፊያውን አቋርጠው ወደ ሪፐብሊካኖቹ ወገን ገሰገሱ። ጥቂት ቆይቶ ሽሚት ራሳቸው የተናገሩት ቃል ከመዝገብ እንዲነሳላቸው ጠየቁ።

በፈሪነት የተጠረጠሩት መርታ በመደበኛና በተጠባባቂ ጦር 37 ዓመት በማሪንነት ያገለገሉ፣ ቬትናም ዘምተው ሁለት ጊዜ የቆሰሉ ሰው ናቸው። የቆሰሉ ወታደሮችን በየሆስፒታሉ እየዞሩ በመጠየቅም ይታወቁ ነበር። የኢራቅን ጦርነት በ2002 ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። ጥፋታቸው፣ ሽሚት ከመናገራቸው አንድ ቀን ቀደም ብለው፣ ወታደሩ የሚችለውን ሁሉ አድርጓልና በስድስት ወር ገደማ ይውጣ ማለታቸው ነበር።

ሪፐብሊካኖቹ የመርታን ሐሳብ እንዳለ ለክርክር አላቀረቡትም። ጦሩ አሁኑኑ ይውጣ የሚል አጭር የውሳኔ ሐሳብ ራሳቸው አርቅቀው ምክር ቤቱ ድምፅ እንዲሰጥበት አደረጉ። መርታ ራሳቸው ሳይቀሩ ተቃወሙት፤ 403 ለ 3 ወደቀ። በዚያ ምሽት ስለ ኢራቅ አንዳች ነገር የተማረ ሰው ቢኖር ያስገርማል። የድምፅ አሰጣጡ ዓላማ ማን ከፕሬዚዳንቱ ጋር እንደቆመ፣ ማን እንዳልቆመ ለይቶ ለካሜራ ማሳየት ነበር።

ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በዚያው በፔንሲልቬንያ፣ በቶቢሃና የጦር ግምጃ ቤት፣ የአርበኞች ቀንን አስመልክተው ንግግር አድርገው ነበር። ጦርነቱን መንቀፍ መብት ነው፣ ጦርነቱ እንዴት እንደተጀመረ ታሪኩን ገልብጦ መጻፍ ግን ከኃላፊነት የራቀ ነው አሉ። ከመቶ በላይ ዴሞክራቶች ያንኑ መረጃ አይተው ጦርነቱን መደገፋቸውንም አስታወሱ።

ይህ የቡሽ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በኦክቶበር 2002 የጦር ኃይል መጠቀም የሚፈቅደው ሕግ ሲጸድቅ በተወካዮች ምክር ቤት 296 ደግፈውት 133 ተቃውመውታል፤ በሴኔቱ ደግሞ 77 ለ 23 አልፏል። ከደጋፊዎቹ መካከል ጆን ኬሪ፣ ሂላሪ ክሊንተንና ጆ ባይደን ይገኙበታል። የኢራቅን መንግሥት መለወጥ የአሜሪካ ፖሊሲ ነው የሚለውን ሕግ በ1998 የፈረሙት ዴሞክራቱ ቢል ክሊንተን ናቸው። ሳዳም ሁሴን በ1988 ሃላብጃ ላይ የገዛ አገሩን ኩርዶች በመርዝ ጋዝ ፈጅቷል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም ኢራቅ ትጥቅ የመፍታት ግዴታዋን ጥሳለች ሲል 15 ለ 0 ወስኗል። ይህን ሁሉ ወደ ጎን ብሎ ጦርነቱ ቡሽ ከባዶ የፈጠሩት ተረት ነው የሚል ሰው እሱም ታሪኩን እየቆራረጠ ነው።

ታዲያ «ያንኑ መረጃ አይተዋል» የሚለው ቃል ውስጥ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው የሚታየው ከንግግሩ ይልቅ ኢራቅ ልትገዛቸው ወደ ሞከረቻቸው ቧንቧዎች ጠጋ ሲሉ ነው።

ኢራቅ ጠንካራ የአሉሚኒየም ቧንቧዎችን በሺዎች ለመግዛት ስትሞክር ተደርሶባት ነበር፤ የጎናቸው ስፋት 81 ሚሊ ሜትር ነው። ሲአይኤ ዩራኒየም ለማበልጸጊያ መሣሪያ ሊውሉ ነው አለ። ዩራኒየም ማበልጸግን ሥራቸው አድርገው የኖሩት የኢነርጂ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ግን ለዚያ ሥራ አይመቹም፣ ይልቅስ ኢራቅ ለረጅም ጊዜ ስትሠራበት ከኖረችው ተራ ሮኬት ጋር ልክ በልክ ይገጥማሉ አሉ። ሮኬቱም 81 ሚሊ ሜትር ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የመረጃ ክፍል ከእነሱ ጋር ተስማማ። ይህ ተቃውሞ በኋላ በምስጢር በተዘጋጀው የመረጃ ግምገማ ውስጥ በጽሑፍ ሰፍሯል። ነገር ግን የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪዋ ኮንዶሊዛ ራይስ በሴፕቴምበር 8 ቀን 2002 በቴሌቪዥን ቀርበው ቧንቧዎቹ ለኒውክሌር መሣሪያ ፕሮግራም ካልሆነ ለሌላ ብዙም የማይሆኑ ናቸው አሉ። ለሕዝብ በወጣው አጭር ሰነድም ልዩነቱ ለስልሶና ኮስሶ ቀረበ።

የኒጀሩ ዩራኒየም ጉዳይም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቡሽ በጃንዋሪ 2003 ባሰሙት ዓመታዊ ንግግር፣ የእንግሊዝን መንግሥት ጠቅሰው ሳዳም ከአፍሪካ ዩራኒየም ሊገዛ ሞክሯል አሉ። በማርች መጀመሪያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ኃላፊ ሞሐመድ ኤልባራዳይ ይህን ግዢ ያሳያሉ ተብለው በእጃቸው የገቡት የኒጀር ሰነዶች ሐሰተኛ መሆናቸውን ለጸጥታው ምክር ቤት አስረዱ። ጦርነቱ ከዚያ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ተጀመረ። ዋይት ሐውስ ዐረፍተ ነገሩ በንግግሩ ውስጥ መግባት አልነበረበትም ብሎ ያመነው በጁላይ ነው፤ ባግዳድ ከተያዘች ሦስት ወር በኋላ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኢራቁ ግን እያደር ነው የከበደው። ኢራቅ አላት የተባለውን ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ እንዲፈልጉ የተላኩት ዴቪድ ኬይ በጃንዋሪ 2004 ለሴኔቱ ቀርበው፣ እኔንም ጨምሮ ሁላችንም ማለት ይቻላል ተሳስተናል አሉ። ቡሽ ራሳቸው ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚሽን በ2005 የስለላ ድርጅቶቹ ግምት ፈጽሞ የተሳሳተ እንደነበር አረጋገጠ። የሴኔቱ የመረጃ ኮሚቴ በ2008 ደግሞ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ስለ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ የተነገረው በአብዛኛው በወቅቱ ከነበረው የስለላ መረጃ ጋር የሚሄድ ነበር፣ ግን በባለሙያዎች መካከል የነበረውን ጥርጣሬና ልዩነት አላሳየም። ሳዳምና አልቃይዳ አብረው ይሠራሉ የተባለው ግን መረጃው የማይደግፈው ነበር።

እንግዲህ «ቡሽ ዋሹ» እና «ቡሽ ተሳሳቱ» ተባብለው ሁለት ወገኖች ለዓመታት ሲጮሁ መኖራቸው የሚያሳዝነው ለዚህ ነው። ሁለቱም መፈክሮች ዋናውን ጥፋት ያልፉታል። የቡሽ መንግሥት የሚያምነውን ነገር ነው የተናገረው ቢባል እንኳ፣ ጥርጣሬ ያለበትን እርግጥ ነው ብሎ ለሕዝብ ሸጧል። ልጁን ለሚልክ ወላጅ በ«ምናልባት» እና በ«ያለ ጥርጥር» መካከል ያለው ርቀት የሞትና የሕይወት ርቀት ነው። አንድ መንግሥት ይህን ርቀት ሆነ ብሎ ከደበቀ ውሸት ለመናገሩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህ ፍርድ ግን ዴሞክራቶቹን ነጻ አያወጣም። ከ90 ገጽ በላይ የነበረው ምስጢራዊ ግምገማ፣ ከነባለሙያዎቹ ተቃውሞ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ ዐሥር ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ለምክር ቤቶቹ ደርሶ ነበር። ሴናተሮች በጥበቃ ሥር ባለ ክፍል ገብተው ሊያነቡት ይችሉ ነበር። ዋሽንግተን ፖስት በኋላ እንደዘገበው፣ ከአምስት ገጹ ማጠቃለያ አልፈው ያነበቡት ከስድስት የማይበልጡ ሴናተሮች ናቸው። ካነበቡት አንዱ የፍሎሪዳው ቦብ ግራሃም ነበሩ፤ የመረጃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩና አንብበው ሲጨርሱ ተቃወሙ። ሂላሪ ክሊንተን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ አንብበውት እንደሆነ ተጠይቀው፣ በቃል ገለጻ ተደርጎልኛል ከማለት ያለፈ መልስ አልነበራቸውም። በዚያው ውድድር ያሸነፏቸው፣ በኦክቶበር 2002 ቺካጎ ላይ ቆመው ጦርነቱን የተቃወሙት ባራክ ኦባማ ናቸው።

ለምን አላነበቡም? የምክር ቤት ምርጫ ሊካሄድ አንድ ወር እንኳ አልቀረም ነበር። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ዓመት አልፎት ወር ቢሆነው ነው። በፕሬዚዳንቱ ላይ እጅ ማንሳት በወታደር ላይ እጅ ከማንሳት ተቆጥሮ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንደሚመጣባቸው ያውቃሉ። ስለዚህ አብዛኞቹ ማንበቡን ትተው ነፋሱን ለኩ። ጦርነቱ ሲበላሽና የሕዝቡ ስሜት ሲዞር «ተታለልን» ማለት ጀመሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ለማወቅ ዕድሉ ያልነበረው ተራው መራጭ ተታለልኩ ቢል ያምርበታል፤ ሰነዱ በር ሥር ተቀምጦ ሳለ ያላነበበ ሴናተር ግን አያምርበትም። ከሪፐብሊካን ሴናተሮች መካከል ብቻቸውን የተቃወሙት የሮድ አይላንዱ ሊንከን ቼፊ እንደሚያሳዩት፣ የፓርቲ ጫናም ቢሆን የማይሻገሩት ግንብ አልነበረም።

የእኛ አገርም ስሟ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ዋሽንግተን በማርች 2003 «የፈቃደኞች ጥምረት» ብላ የ30 አገሮችን ዝርዝር ስታወጣ ኢትዮጵያም ኤርትራም ተጠቅሰውበታል። ሁለቱ አገሮች ከተላለቁ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ በባድመ ጉዳይም ዓይንና ናጫ ሆነው ሳለ በአንድ ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ተሰለፉ። ሁለቱም ወደ ኢራቅ ጦር አልላኩም። የጦርነቱ ምክንያት ምን ያህል አሳምኗቸው እንደገቡ መገመት ለአንባቢ አይከብድም፤ የዋሽንግተን ወዳጅነት ግን ለአዲስ አበባም ለአስመራም ጥቅም ነበረው። በዚያ ዝርዝር ላይ ያለ ስም ሁሉ የማስረጃ ድጋፍ ተደርጎ ሲቆጠር ማየት ያስቃል።

ቡሽ በሜይ 1 ቀን 2003 ዋናው ውጊያ አበቃ ብለው ያወጁት «ተልእኮው ተፈጽሟል» ከሚል ግዙፍ ጨርቅ ሥር ቆመው፣ በአብርሃም ሊንከን ስም በተሰየመች የጦር መርከብ ላይ ነበር። መርከቧን ማን እንደመረጠ አይታወስም እንጂ ምርጫው ለታሪክ አዋቂ ሹፈት ይመስላል። ፕሬዚዳንት ጄምስ ፖልክ በ1846 ሜክሲኮ በአሜሪካ ምድር ላይ የአሜሪካን ደም አፈሰሰች ብለው ጦርነት ሲከፍቱ፣ ደሙ የፈሰሰበት ትክክለኛ ቦታ የት እንደሆነ ይንገሩን ብሎ በዲሴምበር 1847 በምክር ቤት የጠየቀው ወጣት ተወካይ ሊንከን ነበር። ጦርነቱ ያኔ ገና በይፋ አላበቃም ነበር። ተቃዋሚዎቹ «ስፖቲ ሊንከን» እያሉ ተሳለቁበት። እሱ ግን ለዘማቹ ጦር ስንቅና ትጥቅ የሚመደበውን ገንዘብ እየደገፈ፣ ፕሬዚዳንቱን መጠየቁን አላቆመም። ወታደሩን መደገፍና ፕሬዚዳንቱን ማመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ የለም።

ለነገሩ ሊንከንም ፕሬዚዳንት ሲሆን ተራው ደረሰው። በ1863 የእርስ በርስ ጦርነቱን በአደባባይ የነቀፉት የኦሃዮው ዴሞክራት ክሌመንት ቫላንዲግሃም በወታደር ተይዘው፣ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው፣ በሊንከን ውሳኔ ወደ ጠላት ወገን ተሻግረው ተባረሩ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጥያቄ ክህደት መምሰሉ የአንድ ፓርቲ በሽታ አይደለም።

ተቃዋሚዎቹም ሁልጊዜ ትክክል አልነበሩም። ቡሽ በጃንዋሪ 2007 ከ20 ሺህ በላይ ተጨማሪ ወታደር እልካለሁ ሲሉ ዴሞክራቶቹ በአብዛኛው አይሳካም አሉ። የሴኔቱ መሪ ሃሪ ሪድማ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ጦርነቱ ተሸንፏል ብለው ደመደሙ። በ2008 ግን ግድያው በእጅጉ ቀንሶ ታየ። የሱኒ ጎሳዎች በአልቃይዳ ላይ መነሣታቸው ትልቅ ድርሻ ቢኖረውም፣ ተጨማሪው ጦር ምንም አልሠራም ማለት ግትርነት ነው። ይህም ሆኖ አንድን ጦርነት ዘግይቶ በተሻለ መንገድ መምራት የተጀመረበትን ምክንያት እውነት አያደርገውም። ወደ 4,500 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮችና፣ በትንሹ ግምት እንኳ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ኢራቃውያን ሲቪሎች ከሞቱ በኋላ ያ ምክንያት አልተገኘም።

በ2002 በጥድፊያ የጸደቀው ሕግ ከሳዳምም ከቡሽም የሥልጣን ዘመን አልፎ ለዓመታት ኖረ። የዶናልድ ትራምፕ መንግሥት በጃንዋሪ 2020 የኢራኑን ጄኔራል ቃሲም ሱሌይማኒን ባግዳድ ላይ ሲገድል በሕጋዊ መሠረትነት ከጠቀሳቸው አንዱ ይኸው ሕግ ነው። ሴኔቱ እንዲሻር 66 ለ 30 ድምፅ የሰጠው በማርች 2023፣ ጦርነቱ በተጀመረ በ20 ዓመቱ ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት ግን ያንን ረቂቅ ድምፅ ሳይሰጥበት አሳደረው።