ጀልባ በውቤ በረሃ

ስለ ጀልባ ሞተር ከውቤ በረሃ እጽፋለሁ ብል የሚስቅብኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነትም ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ሲሆን፣ ዝናውም በሌሊት ጨዋታው እንጂ በባሕሩ አልነበረም። ቢሆንም ይህ የማወራችሁ ነገር የሆነው እዚያው፣ በ2016 ዓ.ም. ብዙው ቤት ከመፍረሱ በፊት፣ በወንድሜ ግቢ ውስጥ ነው።

የወንድሜ ልጅ ተማሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ከጀልባ ኋላ የሚታሰርና በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ሞተር ገዛ። ሐሳባቸው ቢሾፍቱ ወርደው በባቦጋያ ሐይቅ ላይ ታናናሾቻቸውን ማንሸራሸር ነበር። አስቀድሞ ይሞከር ተባለና ሞተሩ በውኃ በርሜል አፍ ላይ ታሰረ። ባትሪው ከአሮጌ መኪና የተፈታ ባለ 12 ቮልት ነው። ሽቦው ደግሞ ለቤት መብራት የሚዘረጋው ቀጭኑ ሲሆን፣ የተረፈው ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

“ይህ ሽቦ አልቀጠነም?” አልሁት።

“ጋሼ፣ 12 ቮልት እኮ ነው! አይነዝርም” አለኝ።

አልተሳሳተም፤ አይነዝርም። ነገር ግን ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ ጥቂት ደቂቃ እንደ ዞረ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። የጥቅልሉ ልባስ ለስልሶ እርስ በርሱ ሊጣበቅ ደርሷል። ግቢ ውስጥ ስለ ነበርን ሽቦውን ነቅለን ዞር አልን። ሐይቅ መካከል ሕፃናት ይዞ ቢሆን ኖሮ ወዴት ዞር ይባላል?

ልጁን ያሳተው ቮልቱን እንጂ አምፔሩን አለመቁጠሩ ነው። ሰውን የሚነዝረው ቮልቱ ነው፤ ሽቦን የሚያግለው ግን አምፔሩ ነው። የእንጀራ ምጣዳችንን እንውሰድ፤ 3,500 ዋት ቢፈጅ ከ220 ቮልት መሥመር የሚስበው 16 አምፔር ያህል ነው። ይህ ትንሽ ሞተር የሚፈጀው 360 ዋት፣ የምጣዱን አንድ ዐሥረኛ ብቻ ነው። ዳሩ ግን በ12 ቮልት ስለሚሠራ 30 አምፔር ይስባል። ለምጣድ ወፍራም ሽቦ የማይዘረጋ ሰው የለም፤ የምጣድን እጥፍ ለሚስበው ግን የአምፑል ሽቦ ሰጠነው!

የኦም ሕግን ለፈተና ብቻ ያጠናችሁ ተማሪዎች እዚህ ላይ ደብተር አውጡ። ባትሪው ከሞተሩ 4 ሜትር ቢርቅ፣ ሄዶ መመለሻው 8 ሜትር ነው። የመዳብ ሽቦው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ፣ ከ12ቱ ቮልት 3 የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሰማንያ ዋት ያህልም ሽቦውን ያሞቃል። ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን የሚጠፋው ሩብ ቮልት ገደማ ነው። ጥቅልል ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

በባትሪ ጀልባ መንዳት አዲስ ነገር አይደለም። ሞሪትዝ ያኮቢ የተባለ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1838 ዓ.ም. በፒተርስቡርግ፣ በኔቫ ወንዝ ላይ ሰው ጭኖ ሞክሮታል። ለእኛ አገርማ እንዲያውም የሚስማማ ነው፤ የቤንዚን ሞተር እንደ ጣና ባለ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ጕልበቱ ይቀንሳል፣ ኤሌክትሪክ ግን ከፍታ አያውቅም።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ብየዳ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ገዛን፣ በልኩም ቈረጥነው። ባለ 50 አምፔር ፊውዝ በቀዩ ገመድ ላይ፣ ከባትሪው ራስ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ገባ። ልጁ ሞተሩ አጠገብ ሊያደርገው ነበር፤ ነገር ግን ገመዱ መካከል ላይ ተልጦ ቢገናኝ፣ ከዚያ ወዲያ ያለ ፊውዝ ምን ያድናል? ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሁለት ጊዜ አየን፤ ቢገለበጥ ተራው ሞተር ወደ ኋላ ይዞራል፣ ፍጥነቱ በኤሌክትሮኒክስ የሚመጠነው ግን ሊቃጠል ይችላል። ገመዱንም ያሰርነው የሞተሩ ማብሪያ ጠፍቶ ነው።

የመኪናው ባትሪ ለሌላ ሥራ ተተወ። እርሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት፣ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጥ ነው፤ ለሰዓታት ቢያደክሙት ቶሎ ይሞታል። በምትኩ እስከ ታች ተሟጦ መሞላት የሚችል ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ተፈለገ። ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል በ25 አምፔር 2 ሰዓት ያስኬዳል። የቀረው ነፋስ ቢነሣ ለመመለሻ ነው፤ መቅዘፊያውም ቤት አይቀርም።

ሁለተኛው ሙከራ ሩብ ሰዓት ቈየ። ገመዱን በእጄ ጨበጥሁት፤ ለብ እንኳ አላለም። ነገር ግን ሞተሩ አሁን ሙሉ ጕልበቱን ስላገኘ የበርሜሉን ውኃ ገሚሱን ወደ ግቢው ረጨው። ለካ የሳምንቱ የፈረቃ ውኃ ኖሯል! የወንድሜ ሚስት ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን፤ ልጁ ባትሪውን ተሸክሞ ሲወጣ እኔም ባልዲ ፍለጋ ተነሣሁ።