መዳን ያስፈልገናል ማለት ለምን ከበደን?

በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ምግብ ቤቱና ስለ ተማሪው ኃላፊነት የሚጽፍ አይጠፋም። ስለ ነፍስ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ተማሪው ሃይማኖት ስለሌለው አይደለም። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ ተማሪ አምስት ኪሎ ማርያም ሲደርስ አማትቦ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል፤ ፈተና ሲቃረብማ የሚያማትበው እጅ ይበዛል። እንግዲህ ችግሩ ሌላ ነው ብለን እናስባለን። ከክርስትና ትምህርት ሁሉ ለተማረ ሰው የሚከብደው ምሥጢረ ሥላሴ ወይም ተአምር ሳይሆን፣ «ራሴን ላድን አልችልም፤ የሚያድነኝ ያስፈልገኛል» የምትለዋ አጭር ቃል ናት።

(ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ እንዲሁም ጭራሹን የማታምኑ ጓደኞቻችን፣ ይህን የጎረቤት ቤት ጭውውት እንደምትሰሙ አድርጋችሁ ብትሰሙልን ደስ ይለናል።)

ነገሩ ለምን እንደ ከበደ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «አላውቅም» ብሎ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ያገኛል፤ ሳያውቅ ገጹን የሞላ ግን ጥቂት ነጥብ አያጣም። እንዲህ ሆኖ አሥራ አምስት ዓመት የሠለጠነ ሰው ጉድለቱን መሸፈን ሁለተኛ ተፈጥሮው ቢሆን አይገርምም። ይኸው ሰው የነፍስ አባት ፊት ቀርቦ ባዶ ወረቀት ስጥ ሲባል እጁ ይንቀጠቀጣል።

በአገራችን ደግሞ ይህን ሽሽት የሚያመቻች ልማድ አለ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው ይቆርባሉ። ከዚያ ሕፃንነቱ ሲያልፍ ብዙው ሰው ቁርባንንም ንስሐንም ለሽምግልና ያቈያቸዋል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብላ አላስተማረችም፤ ልማዱ ግን ከትምህርቱ በረታ። በመካከል ያለው ወጣት ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ተሳልሞ ይሄዳል። ይህ ትሕትና ነው የሚሉ አሉ፤ ለአንዳንዱም በእርግጥ ትሕትና ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተነገረለት ቀራጭም በሩቅ ቆሞ ነበር። ነገር ግን እርሱ በሩቅ ቆሞ ደረቱን እየመታ ምሕረት ለመነ፤ እኛ መቆሙን ወስደን ልመናውን ተውነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከምናውቃቸው ታሪኮች ለዩኒቨርሲቲ ሰው እጅግ የሚቀርበው የማርዮስ ቪክቶሪኖስ ታሪክ ይመስለናል። ቪክቶሪኖስ የሰሜን አፍሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ በአራተኛው መቶ ዓመት በሮም የንግግር ጥበብ መምህር ነበረ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች ሳይቀሩ የእርሱ ደቀ መዛሙርት ነበሩ፤ በሕይወት ሳለም በሮም አደባባይ ሐውልት ቆሞለታል። በሽምግልናው መጻሕፍት ቅዱሳትን መረመረና ለሲምፕሊኪያኖስ በጆሮው «እኔ እኮ አሁን ክርስቲያን ነኝ» አለው። ሲምፕሊኪያኖስ ግን በቤተ ክርስቲያን ካላየሁህ አላምንም ብሎ መለሰለት። ሊቁም ክርስቲያን የሚያደርገው ግድግዳው ነው ወይ እያለ ይቀልድበት ነበር። ቀልዱ ብልህ ነው፤ በመኝታ ቤታችን ክርክርም ዘወትር የምንሰማው ነው። በስተኋላው ግን ጓደኞቹን መፍራቱ ነበረ፤ እነዚያ ታላላቅ ሰዎች በጠላትነት እንዳይነሡበት ሰጋ።

በመጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ355 ዓመተ ምሕረት ገደማ «እንሂድ» አለ። በሮም ልማድ ተጠማቂው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ በሕዝብ ፊት ሃይማኖቱን ይናገራል። ካህናቱ የሊቁን ክብር አይተው በስውር እንዲፈጽም ፈቀዱለት። እርሱ ግን እንቢ አለ፤ መዳን የማይገኝበትን የንግግር ጥበብ በአደባባይ ሲያስተምር ኖሮ፣ መዳኑን በጓዳ ሊናገር አልወደደም። ሕዝቡም ስሙን እየጠራ ተደሰተ። በ362 ንጉሡ ዩልያኖስ ክርስቲያኖች እንዳያስተምሩ ባወጀ ጊዜ ቪክቶሪኖስ ወንበሩን ለቀቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲምፕሊኪያኖስ ይህን ታሪክ በሚላኖ ለአንድ ወጣት የንግግር መምህር አጫወተው፤ ያ ወጣት አውግስጢኖስ ነው፤ በ387 ተጠመቀ።

ከዚህም በፊት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የህንደኬ ጃንደረባ አለ። የታሪክ ሊቃውንት ህንደኬን ከመርዌ መንግሥት ጋር ቢያያይዟትም፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጃንደረባውን የራሷ አድርጋ ትቈጥረዋለች። የግምጃ ቤት ሹም ነው፤ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። በእግሩ የመጣ መንገደኛ ይገባሃልን ብሎ ሲጠይቀው ሹመቱን አልቈጠረለትም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል ብሎ ወደ ሠረገላው አስወጣው። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው።

አሁን የሚነሣብንን ተቃውሞ እናውቀዋለን። ድኻ እየተራበ ስለ ግል ኃጢአት ማልቀስ ሰውን ያደነዝዛል ይባላል። በእሑድ አልቅሶ በሰኞ ሚዛን የሚያጐድል ነጋዴ ስላለ ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ነገር ግን ዘኬዎስ መዳን ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ሰጠ፣ የበላውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ይህን የመሰለ የመሬት ላራሹ ሰልፍ ማን አየ?

ደግሞም የራሳችን ታሪክ አለ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት በዚሁ በዩኒቨርሲቲ ግቢ አብረው የበሉ፣ አብረው የተሰለፉ ወጣቶች፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢሕአፓና በመኢሶን ተከፍለው ተገዳደሉ፤ ደርግም ቀይ ሽብር ብሎ ሺዎችን ፈጀ። ለድኻው የነበራቸው ፍቅር ሐሰት ነበረ አንልም፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። የሆነ ሆኖ ክፋት ሁሉ በሌላው መደብ፣ በሌላው ድርጅት ውስጥ አለ ብሎ ያመነ ሰው ራሱን የሚፈራበት ነገር አይኖረውም። ጠመንጃ ይዞ ራሱን የማይፈራ ምሁር ምን እንደሚያደርግ በእነዚያ ዓመታት ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ያውቃሉ።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ልጆች የሆናችሁ፣ ንስሐ በካህን ፊት መሆን የለበትም ትሉን ይሆናል። በዚህ ዛሬ አንከራከርም። ብቻ በጉባኤ የሚሰማው ምስክርነት ብዙ ጊዜ «ነበርሁ፣ ነበርሁ» በሚል የኃላፊ ጊዜ ግሥ መሆኑን ልብ በሉልን፤ «ነኝ» የሚለው በእናንተም ዘንድ አልቀለለም።

በኦርቶዶክሳዊው ቤት ግን መንገዱ ከደጃችን ነው። የቤተ ሰቡን የነፍስ አባት ስም እናቶቻችን ያውቁታል፤ ተማሪው አንሶላና መጽሐፍ ይዞ ወደ ከተማ ሲመጣ እርሳቸውን እዚያው ትቶአቸው ይመጣል። በግቢው ዙሪያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቆ አንድ ካህን ማነጋገር ይቻላል። «አባ፣ ይፍቱኝ» የሚለው ቃል እንደ ሆነ በአፋችን አለ፤ መስቀል ስንሳለም እንደ ሰላምታ እንናገረዋለን። ካህኑም «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው ሊያልፉ ሲሉ፣ «የለም አባ፣ ዛሬስ ከልቤ ነው» ብሎ ማስቆም ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ያለውን ተንተባትቦ መናገርም ይፈቀዳል።