ከጎተራ እስከ አትክልት ገበያ፤ ምርት የሚባክነው የት ነው?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጎፋ አካባቢ በሚገኙ ጉልቶች ቲማቲም ጠዋትና ማታ በአንድ ዋጋ አይሸጥም። ጠዋት በኪሎ የሚመዘነው ምርት ሲመሽ በመደብ ይደረደራል። የለሰለሰው ተለይቶ በቅናሽ ይሰጣል፤ የፈረጠው ከዕለቱ ቆሻሻ ጋር ይወጣል። ሸማቹ የሚያየው የብክነት ገጽታ ይኸው ብቻ ነው። ከማሳው እስከ ጉልቱ ባለው መንገድ ላይ የሚጠፋው ግን ከዓይኑ የተሰወረ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን እርሱ ነው።

ክፍለ ከተማው በዚህ ጉዳይ የተለየ ስፍራ አለው። ፒያሳ ለረጅም ዘመን ያስተናገደችው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጨናነቅን ለመቀነስ ሲባል ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ጃን ሜዳ ለገበያ የተሰናዳ ስፍራ ባለመሆኑ የዚያ ዓመት ክረምት ዝናብና ጭቃ ለነጋዴውም ለምርቱም አልተመቸም። ከ2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል አስቀድሞ ገበያው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደተዘጋጀለት ማዕከል ተሸጋገረ። ከመቂ፣ ከባቱና ከቆቃ አካባቢ ለሚጫነው ቲማቲምና ሽንኩርት እንዲሁም ከአርባ ምንጭ ለሚመጣው ሙዝ ማዕከሉ ዋነኛ መዳረሻ ሆኗል። በሌላው አቅጣጫ፣ ከጎፋ ብዙም ሳይርቅ፣ ስሙን ከእህል ማከማቻ የወሰደው ጎተራ ይገኛል። እህልና አትክልት በአንድ አካባቢ ቢጎራበቱም የብክነታቸው ታሪክ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ስለ ምርት ብክነት በሚካሄዱ ስብሰባዎች ከሚመረተው ምግብ አንድ ሦስተኛው ይባክናል የሚለው አኃዝ ይደጋገማል። አኃዙ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ሲሆን በዓመት 1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይሆናል። ሆኖም የመላውን ዓለም የሚመለከትና በበለጸጉት አገሮች ማዕድ ቤት የሚጣለውንም የሚጨምር ነው። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳዩን ነጣጥሎ ሲመለከት፣ ከአጨዳ በኋላ ወደ ችርቻሮ ከመድረሱ በፊት የሚጠፋውን 14 በመቶ ገደማ አድርጎ ገምቶታል። የዓለም አማካይ ለአንድ ወረዳ ዕቅድ መነሻ ሲሆን በጀት ወደማይገባው ስፍራ መሄዱ አይቀርም።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ልዩነቱን በግልጽ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ጤፍንና ወተትን ከገጠር እስከ ከተማ ተከትሎ፣ አምራቾች፣ ነጋዴዎችና ቸርቻሪዎች ራሳቸው በሰጡት መረጃ ላይ ተመሥርቷል። በዋና ዋናዎቹ የግብይት መስመሮች የጤፍ ብክነት ከጠቅላላው ምርት ከ2 ነጥብ 2 እስከ 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ የወተት ደግሞ ከ2 ነጥብ 1 እስከ 4 ነጥብ 3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በአንጻሩ በድሬዳዋ አካባቢ በአትክልትና ፍራፍሬ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት የቲማቲም ብክነት ከ45 በመቶ፣ የማንጎ ደግሞ ከ43 በመቶ በላይ መሆኑን አመልክቷል። የጥናቶቹ ዘዴም ጊዜም ስለሚለያይ አኃዞቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማቀናነስ አይገባም። የልዩነቱ ስፋት ግን በዘዴ ልዩነት ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ይህ ሲባል በእህል ረገድ ችግር የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ከአሥር የገጠር አባወራዎች አንዱ ያህል ብክነት እንደደረሰበት መግለጹን፣ የደረሰበት ደግሞ ከምርቱ በአማካይ 24 በመቶ ገደማ ማጣቱን አሳይቷል። ዋነኞቹ መንስኤዎች አይጥና ሌሎች ተባዮች ናቸው። ጉዳቱ ጥቂቶች ላይ በርትቶ የሚወድቅ በመሆኑ አገራዊ አማካዩ ይሸፍነዋል። ለእነዚህ አርሶ አደሮች አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ያለ ኬሚካል ነቀዝን አፍኖ የሚገድል ርካሽ መፍትሔ ነው። ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም።

ቲማቲም ሌላ ነገር ነው። ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ሲሆን ከተለቀመ በኋላም መተንፈሱንና መብሰሉን አያቆምም። በእንጨት ሳጥን አፍ እስከ ገደፉ ይሞላና ሳጥን በሳጥን ላይ ተደርቦ ይጫናል። ሻካራው ጣውላና ሚስማሩ ይልጠዋል፤ የታችኛው የላይኛውን ሸክም ተሸክሞ በፀሐይና በኮረኮንች ይጓዛል። ገበያ ሲደርስ ቀዝቃዛ ማቆያ ካልጠበቀው ነጋዴው በዚያው ዕለት መሸጥ ግድ ይሆንበታል። ይህን ደላላውም ያውቃል፤ ገዢውም ያውቃል። ስለዚህ ብክነት የሚባለው የበሰበሰው ብቻ አይደለም። ሊበሰብስ ነው በሚል ሥጋት አምራቹ የሚቀበለው ዝቅተኛ ዋጋም የዚያው አካል ነው። ነጋዴው በበኩሉ ሊጣል የሚችለውን አስልቶ በሚተርፈው ላይ ይጨምራል። የጎፋው ሸማች ዓይቶት ለማያውቅ ቲማቲም የሚከፍለው በዚህ መንገድ ነው።

የእንጨቱን ሳጥን በፕላስቲክ መተካት በተደጋጋሚ የሚነሳ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሚያስቸግረው ሳጥኑን መግዛት ሳይሆን መመለሱ ነው። ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን ከአዲስ አበባ ወደ መቂ የሚመልሰው፣ የሚያጥበውና ሲጠፋ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ካልተወሰነ፣ ለአምራቾች የተከፋፈለው ሳጥን በጥቂት ጊዜ ውስጥ የውኃና የልብስ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ለለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መያዣ ማስከፈል በአገሪቱ የተለመደ አሠራር ነው። ሁሉም ጭነት የሚያልፍበት የጅምላ ገበያ ለሳጥንም ይህንኑ ለማድረግ ከማንም የተሻለ ስፍራ ነው።

ስለ ዘመናዊ መደብሮችም መጠንቀቅ ያሻል። የ2021ዱ ጥናት በዘመናዊ ችርቻሮ ብክነቱ ከተለመደው ችርቻሮ ግማሽ ያህል መሆኑን ገልጾ፣ በምክንያትነት የተሻለ ማሸጊያንና ማቀዝቀዣን ብቻ ሳይሆን በግዢ ወቅት የሚደረግ ጥብቅ ምርጫንም ይጠቅሳል። መደብሩ የመለሰው ቲማቲም ግን አልጠፋም፤ ወደ ጉልት ወርዷል። ከፊሉ ብክነት ቀነሰ ከማለት ስፍራ ለወጠ ማለት ይቀላል።

በወተት ረገድ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ይወስናል። በ55 ቀናቱ ዐቢይ ጾም ላሟ አትጾምም፤ ገዢው ግን ይጾማል። ወተቱን ወደ ቅቤና አይብ የመለወጥ አቅም የሌለው ሰብሳቢ በእነዚህ ሳምንታት የሚያጣው በዓመታዊ አማካይ ውስጥ አይታይም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው የድህረ ምርት አያያዝ ስትራቴጂ በእህል ላይ ያተኮረ ነው። እህል የብዙኃኑ ምግብ በመሆኑ አካሄዱ ምክንያት ነበረው፤ አሁን ግን ለአትክልትና ፍራፍሬ ተመሳሳይ ትኩረት መስጠቱ ሊዘገይ አይገባም። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በማላቦ እስከ 2025 ብክነትን በግማሽ ለመቀነስ ቃል ገብተው ነበር። ጊዜው አልፏል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በካምፓላ የጸደቀው አዲስ ዕቅድ ያንኑ ግማሽ ለ2035 አስተላልፎታል።

ግማሽ ለማለት ሙሉውን ማወቅ ይቀድማል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በኃይሌ ጋርመንት ገበያ በር የሚገባው ጭነትና ከዚያው ገበያ ወደ ቆሻሻ ማስወገጃ የሚወጣው በስባሽ በየዕለቱ ቢመዘን፣ የትኛው ምርት በየትኛው ወር እንደሚጣል በአንድ ዓመት ውስጥ ይታወቃል። የቆሻሻ ጫኚው መኪና እንደሆነ በየቀኑ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ማቆያ መቂ ላይ ይሁን ወይስ ገበያው ውስጥ፣ ለቲማቲም ይሁን ወይስ ለሙዝ የሚለው ውሳኔ በዚያ መዝገብ ላይ ሊመሠረት ይችላል።