ወደ ወንጪ የሚሸሹ፣ ከወንጪ የሚመጡ

አዲስ አበባ ውስጥ ስኳር ወይም ደም ግፊት የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን ሳይጀምር ምክር ይዘንብበታል፦ «ከዚህ ጭስ ውጣ፣ ገጠር ግባ!» ባለ ሐይቋ የተራራ መንደር ወንጪ ደግሞ የዚህ ምክር ማስረጃ ሆና ትጠቀሳለች። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መረጣት፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ሎጅ ተሠራላት። ሐይቁን ቁልቁል ያየ ሁሉ «እዚህ የሚኖር ሰው እንዴት ይታመማል?» ይላል።

ይታመማል እንጂ! የወንጪ ገበሬ ደጅ ላይ የሚተነፍሰው አየር በእርግጥ ያስቀናል። ቤት ውስጥ ግን በዚያ ብርድ በር ተዘግቶ እሳት ይነዳል፤ ቆጮው የሚጋገረው፣ ቡናው የሚፈላው በእንጨት ነው። የመኪና ጭስ አማርሮት የሚሰደደው ከተሜ፣ ልጅ ያዘለች እናት ምድጃ ሥር ስንት ሰዓት እንደምትውል አይጠይቅም። የምዕራብ ሸዋ ደጋ ሌላም በሽታ ያውቃል፤ ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን በባዶ እግሩ የሚያርስን ሰው እግር የሚያሳብጠው ፖዶኮኒዮሲስ። ጫማና ሳሙና የሚከላከሉት በሽታ ነው። የእንግዳው ጫማ ወፍራም ስለሆነ አፈሩ የሚታየው ለፎቶ ብቻ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከገጠር ሕፃናት 40 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳየ፤ በከተማ 25 በመቶ። በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በከተማ 79 በመቶ ሲሆኑ በገጠር 20 ብቻ ነበሩ። ንጹሕ አየር ይህን ልዩነት አልደፈነውም። «የገጠር ሰው ስኳር አያውቅም» የሚለውም ወግ፣ ስንቱ ተለክቶ ነው?

ይባስ ብሎ፣ የወንጪ ተራራ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛውን ቢሆን ነው። ልቡ የደከመ ወይም ሳንባው የተጎዳ ሰው «አየር ልቀይር» ብሎ እዚያ ሲወጣ፣ የቀየረው ወደሚያንሰው ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በተቃራኒው ጉዞ መሆኑን ረስተናል፦ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ በ1879 ዓ.ም. የእንጦጦን ብርድ ትተው ወደ ፍልውሃው ወረዱ። ለጤና ሲባል ከተራራ መውረድም ነበር ማለት ነው።

ገጠር ገብቶ የተሻለው ሰው የለም አልልም። ግን ምን አሻለው? በእግሩ ሄደ፣ በጊዜ ተኛ፣ ከወንበር ተነሣ፣ የቢሮ ንትርክ ቀረለት። ይህ ሁሉ ጡረታ ወይም የቤት ኪራይ ገቢ ያለው ሰው ዕረፍት ነው። ጎረቤቱ ገበሬ ከእሱ በላይ ይሄዳል፣ ከእሱ ቀድሞ ይተኛል፤ ሲታመም ግን መኪና የለውም። ከተሜው ወደ ላይ በሚሸሽበት መንገድ ገበሬው ሕመምተኛ ይዞ ወደ ወሊሶ ወይም ወደ አምቦ ሆስፒታል ይወርዳል፤ ካልሆነም አዲስ አበባ ድረስ። ጤና ፈላጊው ብዙ የሆነው በየትኛው አቅጣጫ ነው?

የቆረጠ ሰው ይሂድ። ሌሊት ደረቱን ቢያመው ማን ወሊሶ እንደሚያደርሰው ግን ከሐይቁ እይታ በፊት ይጠይቅ፤ የሚጠይቀውም የሎጁን አስተናጋጅ ሳይሆን፣ ምጥ የያዛትን ሚስቱን በቃሬዛ ያወረደውን ገበሬ ይሁን።