የልጅ ጥያቄ፣ የሐኪም ጥንቃቄና የወላጅ ጆሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ወንድ ሆኖ የተወለደ ልጅ «ሴት ነኝ»፣ ሴት ሆና የተወለደች ልጅ «ወንድ ነኝ» ቢሉ ሕክምናቸው ምን ሊሆን ይገባል? ጥያቄው በአውሮፓና በአሜሪካ አጥቢያዎቻችን ያሉ ቤተሰቦችንም ይመለከታል፤ ልጆቻቸው የሚማሩትም የሚታከሙትም እዚያው ነውና። ከወሬ ይልቅ የተመረመረውን ማወቅ ይበጃል።

በእንግሊዝ ሀገር ለዚህ ጉዳይ የነበረው ዋነኛ የልጆች ክሊኒክ በለንደን የሚገኘው የታቪስቶክ ክሊኒክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011/12 ወደዚያ የተላኩት ልጆች ከ250 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ከ5,000 በለጡ። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሂላሪ ካስ አራት ዓመት መርምረው በኤፕሪል 2024 ባወጡት ሪፖርት፣ ጉርምስናን የሚገቱ መድኃኒቶች ለእነዚህ ልጆች ስለሚሰጡት ጥቅም ያለው ማስረጃ ደካማ መሆኑን ገለጡ። መድኃኒቶቹ አዲስ አይደሉም፤ ያለ ዕድሜያቸው ጉርምስና ለሚጀምራቸው ሕፃናት ለረጅም ዘመን ሲሰጡ ኖረዋል፣ ዛሬም ይሰጣሉ። ያጠያየቀው በጊዜው የመጣውን ጉርምስና ለማቆም መዋላቸው ነው፤ አጥንት የሚጠነክረው በዚያ ዕድሜ ነውና። ክሊኒኩ ተዘጋ፤ መንግሥትም በዲሴምበር 2024 ለዚህ ዓላማ አዲስ ማዘዣ ለልጆች እንዳይሰጥ የጊዜ ገደብ የሌለው እገዳ ጣለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ግን በ2023 ለሕክምናው ያለውን ድጋፍ ዳግም አጽንቷል። ሐኪሞች ገና አልተስማሙም።

እኔ ጥንቃቄው ተገቢ ነው እላለሁ። በዐሥራ ሁለት ዓመት የተወሰነ ነገር በሠላሳ ዓመት ላይመለስ ይችላልና። ዳሩ ግን ብዙዎቻችን ከዚያ ሪፖርት የምናነበው የሚስማማንን ገጽ ብቻ ነው። ያው ሪፖርት ከልጆቹ ብዙዎች በድብርትና በጭንቀት እንደሚሠቃዩ፣ ለዓመታት ወረፋ እንደጠበቁ፣ የተሟላ ክብካቤም እንደሚገባቸው ይናገራል። ለአንዳንዶች የሕክምናው መንገድ የተሻለ ሊሆን እንደሚችልም አይክድም። መድኃኒቱ ይቆይ ማለት ልጁ ይረሳ ማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ ግን ስድቡ ይቀድማል። «ጋኔን ይዞታል» ተብሎ ከቤት የሚባረር ልጅ ጥያቄው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ወላጁ ነው። ፊልጶስ ጃንደረባውን ባገኘው ጊዜ በመጀመሪያ ጠየቀው፣ ከዚያም ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ስብከቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ እንግዲህ ልጁን ወደ ጸበል የሚወስድ ወላጅ የአእምሮ ሐኪም ዘንድም ይውሰደው፤ በተለይ ልጁ ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ አንድ ቀን እንኳ አይዘግይ።

ለእናንተ ለወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ከጉባኤ በኋላ በዚህ ጉዳይ የሚቀለደውን ቀልድ ሁላችንም ሰምተነዋል። ከሚስቁት መካከል አብሮ የሚስቀው ስለ ራሱ እንዳይታወቅበት ፈርቶ የሆነ ወንድም ወይም እኅት ሊኖር ይችላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።