ቁጥራችንን ገዳያችን አይጻፍልን!

ወገኔ፣ የካቲት 12 ሲደርስ ፕሮፋይልህን ጥቁር ታደርጋለህ፤ «አንረሳም!» ብለህ ትለጥፋለህ። ጥሩ ነው። ግን ልጠይቅህ፦ የማትረሳውን ነገር ማን መዝግቦ አስቀመጠልህ?

ደብረ ሊባኖስን ውሰድ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን ረሸነ። ፋሺስቱ ራሱ የመዘገበው ድምር 449 ነው። ለብዙ ዓመት ሲጠቀስ የኖረውም ይኸው የገዳዩ ቁጥር ነው። በ1980ዎቹ ግን ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ቦታው ድረስ ሄዱ፣ ሽማግሌ ጠየቁ። ግምቱ ከ1,423 እስከ 2,033 ደረሰ። አየህ? ገዳዩ ወረቀት ላይ ያላሰፈራቸውን ሰዎች ያወጣቸው የሽማግሌ አፍ ነው!

የመንዙን የዘረት ዋሻም እይ። በ1931 ዓ.ም. አርበኞች ከነቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝ ያለቁበት ነው። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ድረስ የመጣው ሮም መዝገብ ቤት ውስጥ ባገኘው ሰነድ ተመርቶ ነው። የእኛን ሬሳ የት እንዳለ የነገረን የእነሱ ፋይል ነው። ይሄ አያንገበግብህም?

ቤት አጥተን አይደለም። ስድስት ኪሎ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለን። ያለው ገነተ ልዑል ውስጥ ነው፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት ግቢ! ወመዘክርም አለ። የጎደለው በጀትና ሰው ነው።

«ዳቦ ሳይኖር ማህደር ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ዲግሪዬን ታቅፌ ቤት የምውል ሥራ አጥ ነኝ፤ የዳቦው ነገር ይገባኛል። ግን ታሪክ ተምረው ሥራ ያጡ ልጆችን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ በየወረዳው መላክ ዳቦም ነው፣ ታሪክም ነው። ለድግስና ለባነር የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ አይበቃም?

በ1929 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ መቶ ሊደፍን ነው። ቀጠሮ የሚሰጥ ጊዜ የለንም። መንግሥትን እየጠየቅን እኛም እንጀምር። ስልክህ ይቀዳል አይደል? ሰፈርህ ያሉት አዛውንት ጋ ሂድ፤ «እማማ፣ በጣሊያን ጊዜ አባትዎ የት ነበሩ?» በል። ስም፣ ቦታ፣ ዘመን ጻፍ። ቅጂውን ለተቋሙ ስጥ።

ሼር የምታደርገው ከዚያ በኋላ ነው።